ጥያቄ ማንሣት ክብር መንሣት አይደለም

(በጎንደር ከተማ ለቦርድ፣ ለሰበካ ልማት ኮሚቴና ለውኃ ተጠቃሚዎች ኮሚቴ አባላት ከቀረበ ንግግር ለኅትመት የተስተካከለ)



ከወገራና ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከዚያም አልፎ ከጃናሞራና ከበየዳ ተራሮች ወርዳችሁ ለዚህ ምክክር ስለ ተገኛችሁ በቅድሚያ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ከመካከላችሁ እዚህ ለመድረስ ግማሹን መንገድ በእግር የተጓዘ እንዳለ አውቃለሁና ጊዜያችሁን በከንቱ ላለማባከን እሞክራለሁ።

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «ውጤታማ የቦርድ አባል መሆን» የሚል ነው። «ቦርድ» የሚለው ቃል ከውጭ የመጣ ቢሆንም ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሰበካ ጉባኤ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር የሥራ አመራር ኮሚቴ፣ የትምህርት ቤት ቦርድ፣ የውኃ ኮሚቴ፣ ሁሉም በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ይኸውም የራሳቸው ያልሆነ ሀብት በአደራ የተሰጣቸው ሰዎች ጉባኤ መሆናቸው ነው። በ1965 ዓ.ም. በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና የወጣው ቃለ ዓዋዲ ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲያስቀምጥ፣ ያቋቋመው በዛሬው አነጋገር ቦርድ ነው። ከተቋቋመ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈው ኮሚሽናችንም ቢሆን በየወረዳው የሚሠራው ሥራ የሚጸናው በእነዚህ ጉባኤዎች ጥንካሬ ልክ ነው። ፕሮጀክት ጊዜው ሲደርስ ይዘጋል፤ ባለሙያውም መኪናውን አስነሥቶ ይሄዳል፤ ኮሚቴው ግን እዚያው ይቀራል።

በሥልጠና ወረቀቶች ላይ የቦርድ አባል ተግባራት ተብለው አሥር አሥራ አምስት ነጥቦች ተዘርዝረው ታገኛላችሁ። መጥፎ አይደሉም፤ አንብቧቸው። እኔ ግን ዛሬ ከእነዚያ ሁሉ በአንዱ ላይ ብቻ ለመቆየት መርጫለሁ፤ እርሱም መጠየቅ ነው። በአካባቢያችን ቦርዶችን የሚጎዳው የዕውቀት ማነስ ብቻ አይመስለኝም። ከዚያ የሚብሰው፣ የሚያውቀው ሰው ዝም ማለቱ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። በደጋ ያለች አንዲት መንደር እናስብ። ምንጩ ጎልብቶ፣ ቦኖ ተተክሎ፣ 80 አባወራና እማወራ በወር 15 ብር እየከፈሉ ይጠቀማሉ። በወር 1,200 ብር ይሆናል። በዓመት 14,400፣ በሁለት ዓመት 28,800 ብር ማለት ነው። ለቦኖው ጠባቂ በየወሩ 500 ብር ሲከፈል በሁለት ዓመት 12,000 ይሆናል። ስለዚህ በቁጠባ ደብተሩ ላይ 16,800 ብር ሊገኝ ይገባል። ሆኖም ደብተሩ የሚያሳየው 9,300 ብር ነው እንበል። ሰባት ሺህ አምስት መቶ ብር የት ደረሰ?

ሰባቱም የኮሚቴ አባላት ይህን ስሌት በልባቸው መሥራት ይችላሉ። በገበያ የገብስና የስንዴ ዋጋ የሚያሰላ ገበሬ ይህ አይከብደውም። ይሁን እንጂ ገንዘብ ያዡ የአንደኛው የክርስትና አባት ነው፤ ከሁለተኛው ጋር በአንድ ማኅበር ይጠጣሉ፤ የሦስተኛው መሬት ከእርሱ መሬት ጋር ይዋሰናል። ማን ይናገር? ሁሉም ዝም ይላል፤ ቃለ ጉባኤውም «ሪፖርቱ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ተብሎ ይፈረማል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ለጉድለቱ ንጹሕ ምክንያት ሊኖር ይችላል። አንዳንድ ቤተሰብ ሳይከፍል ቀርቶ ይሆናል። ቧንቧ ሲፈነዳ ያለ ደረሰኝ ለጥገና የወጣ ገንዘብ ሊኖር ይችላል። ወይም ገንዘብ ያዡ ወደ ከተማ ወርዶ ባንክ ለማስገባት ሙሉ ቀን ስለሚፈጅበት የሦስት ወር መዋጮ ቤቱ አስቀምጦ ይሆናል። እነዚህ ሁሉ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተጣርተው የሚያልቁ ነገሮች ናቸው። ጥያቄው በስብሰባ ካልተጠየቀ ግን አይጠፋም፤ ወደ ጠላ ቤት ይሄዳል። እዚያ ደግሞ መልስ የሚሰጥ ደብተር ስለሌለ ወሬ ይሆናል። ወሬው ሲሰፋ አሥር ቤተሰብ መክፈል ያቆማል፤ በሚቀጥለው ወር ሃያ። ጠባቂው ደመወዙ ሲቀርበት ይተዋል። በመጋቢት የቧንቧው መክፈቻ ሲሰበር መግዣ አይኖርም። ሴቶቹና ልጆቹም እንስራና ጀሪካን ተሸክመው ከብት ወደሚጠጣበት ወንዝ ይመለሳሉ። ያ ንጹሕ ገንዘብ ያዥም ስሙ ጠፍቶ ይኖራል። በዝምታው ከሁሉ በላይ የተጎዳው እርሱ ነው፤ በይሉኝታ ዝም ያሉት ወዳጆቹ ራሱን ነጻ የሚያወጣበትን ዕድል ነፈጉት።

ይህን ስል ኅብረተሰባችን ገንዘብ ማስተዳደር አይችልም ማለቴ አይደለም። ተቃራኒው በክልላችን በተግባር ታይቷል። በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ ይካሄድ በነበረው የገጠር ውኃ ፕሮግራም፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የግንባታው ገንዘብ ራሱ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል በቀጥታ ለመንደሩ ውኃ ኮሚቴ እንዲሰጥ ተደረገ። ብዙዎቻችሁ አብቁተ ብላችሁ የምታውቁት፣ ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው ተቋም ማለቴ ነው። ሲሚንቶውንና ቧንቧውን የሚገዛ፣ ግንበኛውን የሚቀጥርና የሚቆጣጠር ገበሬው ራሱ ሆነ። አሠራሩ ከአማራ ክልል ተነሥቶ እ.ኤ.አ. ከ2011 በኋላ ወደ ሌሎች ክልሎችም ተስፋፍቷል። ገንዘቡን በእጁ የያዘና ያወጣውን የሚያውቅ ኮሚቴ ስለ ዕቃው ዋጋ ይጠይቃል፤ ሁሉ ነገር አልቆ ቁልፍ ብቻ የተሰጠው ኮሚቴ ግን ምን ብሎ እንደሚጠይቅ እንኳ አያውቅም። ስለዚህ ፕሮጀክት ይዘን የምንመጣ እኛም ብንሆን ኮሚቴ ስናቋቁም ለፊርማ ብቻ እየፈለግነው እንደሆነ ራሳችንን መመርመር ይገባናል።

አንድ የምገረምበት ነገር አለ። በቦርድ ስብሰባ ላይ አፉን የማይከፍተው ያው ሰው በዕድሩ ስብሰባ አንበሳ ነው። የዕድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ገልጦ የከፈለውንና ያልከፈለውን በስም ሲጠራ ማንም አይቀየምም፤ ድንኳኑ ስንት ጊዜ እንደ ተከራየ፣ ድስቱ የት እንዳደረ ይጠየቃል። ለምን ይመስላችኋል? በዕድር መዝገቡ የሚነበበው ሰው ስለ ተጠረጠረ ሳይሆን ቀኑ ስለ ደረሰ ነው። የሚነበበውም ለሁሉም ነው። ይህን ሥርዓት ወደ ቦርዳችን ማምጣት እንችላለን። በየሦስት ወሩ የመጀመሪያው አጀንዳ ደብተሩን ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ይሁን፤ የተሰበሰበው፣ የወጣው፣ በባንክ ያለው፣ በእጅ ያለው፣ በዚህ ቅደም ተከተል። ያን ጊዜ «የቀረው የት ነው?» የሚለውን የሚጠይቀው ደብተሩ እንጂ ጎረቤት አይደለም። የአጠያየቅ ቃልም ለውጥ ያመጣል። «ገንዘቡን ምን አደረግኸው?» ከማለት «አባታችን፣ ይህ ቁጥርና ያ ቁጥር እንዴት እንደሚገናኙ ቢያስረዱን» ማለት ይሻላል። ፍሬ ነገሩ አንድ ነው፤ ሁለተኛው ግን መልስ ያመጣል።

«አባቶች በተቀመጡበት መጠየቅ ድፍረት ነው» የሚል አለ። በሰበካ ጉባኤ ሊቀ መንበሩ የደብሩ አስተዳዳሪ ስለሆኑ ይህ ስሜት ይበልጥ ይጠነክራል። እኔ ግን ይህን አስተሳሰብ ከጎንደር ሊቃውንት ትውፊት ጋር ማስታረቅ አልቻልሁም። በዚህች ከተማ የመጻሕፍት ትርጓሜ የላይ ቤትና የታች ቤት ተብሎ በሁለት ወገን ተተርጉሟል። የታች ቤት ስም ከመምህር ኤስድሮስ ጋር ይነሣል። የአንዱ ቤት ሊቅ ከሌላው ቤት ስለ ተለየ አልተናቀም። በአንድምታው አካሄድም «ይህስ እንዴት ይሆናል?» ብሎ ጥያቄ አንሥቶ መልሱን ማተት፣ ከዚያም «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን ፍቺ ከመጀመሪያው አጠገብ ማኖር የተለመደ ነው። ተማሪው መምህሩን ይጠይቃል፤ መምህሩም ጠያቂ ተማሪ በማፍራቱ ይመሰገናል። ለመጽሐፍ ትርጓሜ ያልነፈግነውን ጥያቄ ለሲሚንቶ ግዥ ለምን እንነፍጋለን? ቃለ ጉባኤ የሚጽፉ ጸሐፊዎችም ከዚህ አንድ ነገር ቢወስዱ ደስ ይለኛል። ውሳኔው በብልጫ ድምፅ ካለፈ፣ የተለየው ሐሳብ ከነምክንያቱ በ«አንድም» አምሳል ከጎኑ ይጻፍ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሌሎች አባላት ሲመጡ ያ የተለየ ሐሳብ ጠቃሚ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የመናገር ተራም ሊታሰብበት ይገባል። በጎንደር ዘመን ቤተ መንግሥት ፍርድ ሲሰጥና ምክር ሲያዝ፣ በማዕርግ ዝቅ ያለው አስቀድሞ ሐሳቡን ይሰጣል፤ ከዚያ ወደ ላይ እየተወጣ ይሄዳል፤ የንጉሡ ቃል የሚሰማው በመጨረሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር የመጣው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስም ይህን ሥርዓት በመጽሐፉ ጠቅሶታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ታላቁ አስቀድሞ ከተናገረ ታናሹ የሚጨምረው «እንዳሉት ነው» የሚለውን ብቻ ይሆናል። እኛ ግን ዛሬ በብዙ ቦርዶች የምናየው ተቃራኒውን ነው። ሊቀ መንበሩ አጀንዳውን ሲያስተዋውቁ አብረው አቋማቸውን ይገልጻሉ፤ ከዚያም «ሐሳብ ካላችሁ» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ሐሳብ ከወዴት ይመጣል? ሊቃነ መናብርት ሆይ፣ ከሁሉ በኋላ ተናገሩ። በተለይ በውኃ ኮሚቴ ለሴት አባላት የመጀመሪያውን ቃል ስጡ። ሕጉ ስላስገደደ ብቻ ስማቸው ተመዝግቦ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው የሚውሉ ሴቶች ብዙ ናቸው። ምንጩ በየትኛው ወር እንደሚቀንስ፣ የትኛው ቦኖ እንደሚያንጠባጥብ፣ ጠባቂው ስንት ሰዓት እንደሚከፍት የምታውቀው ግን በየቀኑ የምትቀዳው እናት ናት።

አሁን ደግሞ ምን ይጠየቅ ወደሚለው ልለፍ። ጥያቄ ሁሉ የቦርድ ጥያቄ አይደለም። ከዝም ባዩ ባልተናነሰ ሥራ የሚያውከው፣ በሁሉ ነገር የሚገባው አባል ነው፤ ሾፌሩ ነዳጅ የት እንደ ቀዳ፣ ጸሐፊዋ ለምን እንደ ዘገየች፣ የትኛው ዘበኛ በየትኛው በር እንደሚቆም ሲጠይቅ ይውላል። ይህ የሥራ አስኪያጁ ድርሻ ነው። የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 6 እንደሚተርከው ሐዋርያት የማዕዱን አገልግሎት ለሰባቱ ዲያቆናት አስረክበዋል፤ መስፈርቱን አስቀመጡ፣ ሾሙ፣ ከዚያም ወደ ራሳቸው አገልግሎት ተመለሱ። በየማዕዱ እየዞሩ ወጥ አልቀመሱም።

የቦርድ ጥያቄ ከዕለት ሪፖርት ውስጥ የማይገኘውን የሚመለከት ነው። ቅርብ ምሳሌ እዚሁ ከተማችን አጠገብ አለ። ጎንደርን ለረጅም ዓመታት ያጠጣው የአንገረብ ግድብ ከላይ ካሉት ማሳዎች እየታጠበ በሚወርድ ደለል እየተሞላ የሚይዘው ውኃ ቀንሷል። ደለል በአንድ ቀን አይመጣም። የውኃ አገልግሎት ሠራተኛ በየዕለቱ የሚያየው የፈነዳ ቧንቧ፣ የተቋረጠ መብራትና ያልተከፈለ ቢል ነው፤ ስለዚህም የሚዘግበው እነዚህን ነው። ደለሉ ግን በየክረምቱ ዝም ብሎ ይከማቻል። ከዕለት ሩጫ ነጻ ሆኖ በዓመት ጥቂት ጊዜ የሚሰበሰብ ሰው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። «ከአሥር ዓመት በኋላ ይህ ግድብ ስንት ይይዛል? ከላይ ያለውን ተፋሰስ ማን ይንከባከባል?» ብሎ የሚጠይቅ እርሱ ነው። እያንዳንዱ ተቋም የራሱ ደለል አለው። በትምህርት ቤት ጥለው የሚሄዱ መምህራን ቁጥር፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር ያልተመለሰ የማዳበሪያ ብድር፣ በሰበካ ጉባኤ ደግሞ ያልተመዘገበ መሬትና ያልታደሰ የቤት ኪራይ ውል ሊሆን ይችላል። የእናንተ ምን እንደሆነ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

የጥቅም ግጭት የሚባለውን ጉዳይ በአዲስ አበባ ሆነው የሚጽፉ ሰዎች ቀላል አድርገው ያቀርቡታል፤ «ከዘመድህ ጋር ውል አትግባ» ይላሉ። በጃናሞራ ወይም በበየዳ አንዲት ቀበሌ ግን በሙያው የታወቀ ግንበኛ ሁለት ብቻ ሊኖር ይችላል፤ አንደኛው የሊቀ መንበሩ አማች፣ ሁለተኛው የጸሐፊው ወንድም ነው። ሁለቱንም ከከለከልን ከጎንደር ግንበኛ ልናመጣ ነው፤ ወጪውም በእጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ ዘመድ መሆኑ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ መሸሸጉ ነው። ዘመድ ያለው አባል አጀንዳው ሳይከፈት ይናገር፤ ከዚያ ተነሥቶ ይውጣ፤ መውጣቱም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። የቀሩት አባላት በአጎራባች ቀበሌ ለተመሳሳይ ሥራ የተከፈለውን ዋጋ አጣርተው ይወስኑ። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የንግድ ሕግ የተካው አዋጅ ቁጥር 1243/2013 የአክሲዮን ማኅበራት ዳይሬክተሮች የግል ጥቅማቸውን ለቦርዱ እንዲያስታውቁ ያስገድዳል። ሕጉ ለነጋዴዎች የተጻፈ ነው። የምእመናንን መዋጮ የያዝን ሰዎች ከነጋዴ ባነሰ ጥንቃቄ ልንሠራ ግን አንችልም። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተመዝግቦ በሚሠራ ድርጅት ቦርድ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ፣ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ አዋጁ መደንገጉን አስታውሱ። ይህን ቁጥር በየሩብ ዓመቱ የሚጠይቅ አንድ አባል እንኳ ካለ፣ በዓመቱ መጨረሻ የሚመጣ ድንጋጤ አይኖርም።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ በችግር ጊዜ የሚነሣው ነው። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በጃናሞራ፣ በበየዳና በጠለምት የደረሰውን ድርቅ ለእናንተ መተረክ አያስፈልገኝም። እህሉ የመጣው ከሚያስፈልገው በታች ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ኮሚቴ የስም ዝርዝር ያዘጋጃል፤ ማን ይግባ፣ ማን ይቅር ይባላል። መስፈርቱ ረኀቡ ከመጣ በኋላ ከተጻፈ፣ የሚጻፈው ሰው ፊት ለፊት ቆሞ እያለቀሰ ነው፤ ያን ጊዜ ትክክለኛ ውሳኔ መስጠት ከሰው አቅም በላይ ነው ማለት ይቻላል። ጥጋብ ባለበት ዓመት፣ ማንም ማን እንደሚቸገር ሳያውቅ፣ «እንዲህ ያለ ክፉ ቀን ቢመጣ አስቀድመን የምንረዳው ማንን ነው? ዝርዝሩ የት ይለጠፋል? ቅሬታ ለማን ይቀርባል?» ብሎ መወሰን ይቻላል። እኔ የማውቃቸው ኮሚቴዎች አብዛኞቹ ይህን አላደረጉም። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አጀንዳ እንድታደርጉት እለምናችኋለሁ።

ስለ ስብሰባ ቀናት ጥቂት ልበል። ወረቀት በስብሰባው ዕለት ጠዋት ታድሎ ማንም በደንብ ሊጠይቅበት አይችልም፤ ቢያንስ ሳምንት ይቀደም። ማንበብ የሚቸግራቸው አባላት ካሉ አስቀድሞ የሚያነብላቸው ሰው ይመደብ፤ ይህም ነውር የለበትም። ቀኑንም በሰው ኑሮ ልክ ቁረጡት። በሐምሌና በነሐሴ ከበየዳ የሚመጣ አባል ወንዝ ያግደዋል፤ በአጨዳና በውቂያ ወራት ገበሬ ልቡ ከማሳው ነው፤ በጥምቀት ሰሞን ደግሞ ጎንደር ላይ ማደሪያ እንኳ አይገኝም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ የዓመቱ ሒሳብ መንገዱ ሲከፈት ከመስቀል በኋላ ቢቀርብ ይመቻል። ሦስት ጊዜ ያለ ምክንያት የቀረ አባል በክብር ይሰናበት። ስሙን ለጌጥ ብቻ የሰጠ ሰው ምልዓተ ጉባኤ እያጓደለ የሌላውን ድካም ያባክናል፤ ይህን ለራሱ መንገርም የወዳጅነት ሥራ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሰዓት የእናንተ ነው። በፊታችሁ የተቀመጠው አንድ ገጽ የሒሳብ መግለጫ ነው፤ ቀደም ሲል የጠቀስሁት የምሳሌ መንደር መግለጫ ሲሆን፣ በውስጡ ሁለት ቁጥሮች ሆን ተብለው እንዳይገናኙ ተደርገዋል። በስድስት በስድስት ሆናችሁ ተቀመጡ፤ ካህናትም በየቡድኑ ተከፋፈሉ። ቁጥሮቹን ፈልጉ፤ ካገኛችኋቸው በኋላ ገንዘብ ያዡ እዚህ ተቀምጦ ቢሆን በምን ቃል እንደምትጠይቁት ጻፉ። በየቡድኑ አስቀድሞ የሚናገረው በዕድሜ ትንሹ ነው።